ከሞቱ በኋላ የተቀጠሩት አንባቢ

ለተከበሩ አቶ ካየታን ቭሮና
የካሊና ፊልም ቴሌቪዥን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ቶሩን

ክቡርነትዎ፣

ይህ ግልጽ ደብዳቤ በሙሉ ጤና፣ በተለይም የገዛ ድምፅዎ ከእርስዎው ጋር እንዳለ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በሁለተኛው ወር የጣቢያውን የሃያ አምስት ዓመት ታሪክ እንድጽፍ ስለመረጡኝ አመሰግናለሁ፤ ያን ዕለት ከደስታዬ ብዛት እስከ ቪስቱላ ወንዝ ድልድይ በሩጫ ነው የሄድኩት። ዛሬ ግን ጥቂት ቅሬታዎች አሉኝ፤ እንዳያደክሙዎ ቁጥር ሰጥቻቸዋለሁ።

፩. ካሊና ከዳቦ ቤት በላይ ባሉ ሁለት ክፍሎች ሲጀመር ያለው ሀብት አርባ የውጭ ፊልሞችና አቶ ሉድቪክ ፖጎዥልስኪ ብቻ እንደነበሩ ክቡርነትዎ አይዘነጉትም። እንደ አገራችን ልማድ የተዋንያኑ ድምፅ ከሥር እየተሰማ አንድ ሰው ሁሉንም በፖላንድኛ ያነባል፤ እሳቸውም ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሙሽራዋንም፣ ነፍሰ ገዳዩንም፣ ሕፃኑንም በዚያው በተረጋጋ ድምፅ አነበቡልን። መሀል ላይ ሻይ ፉት ሲሉ ብርጭቆው ሳህኑን ሲነካ ይሰማ ነበር። እኛ ቤት ያ ድምፅ ካልተሰማ ፊልም ተጀመረ አይባልም።

፪. ለታሪኩ ስል ባለቤታቸውን ወይዘሮ ዴልፊናን ጎበኘኋቸው። አቶ ሉድቪክ ቤት ውስጥ ሲለማመዱ የቀዷቸውን አሥራ ስድስት ካሴቶች አውጥተው፣ “የኔ ልጅ፣ ከሱ የቀረኝ ይሄው ነው፤ አደራ” አሉኝ። ክቡርነትዎ ለጥናት ብቻ ነው ስላሉኝ በገበያ ቦርሳ ተሸክሜ ለቢሮዎ ያስረከብኩት እኔ ነኝ። ይህኛው ቅሬታ በራሴ ላይ ነው፤ ለእርስዎ ግልባጩን ነው የላክሁት።

፫. በቅዱሳን ሁሉ ቀን፣ ከተማው በሙሉ መቃብር ላይ ሻማ አብርቶ በሚመለስበት ከሰዓት በኋላ፣ ወይዘሮ ዴልፊና ጓንታቸው ላይ ሰም እንዳለ ቴሌቪዥን ከፈቱ። ፊልሙ አምና የተሠራ ነው። የሚያነቡት ግን ከሦስት ዓመት በፊት የተቀበሩት ባለቤታቸው ናቸው። በእነዚያ ካሴቶች ኮምፒውተርን የሟች ድምፅ ስላስተማሩት እንኳን ደስ አለዎት፤ ሥራው የተዋጣለት ስለነበር ወይዘሮዋ ብድግ ብለው ለሁለት ሰው ሻይ ቀድተዋል። ቀድተውም ጠበቁ። ፊልሙ እስኪያልቅ አንድም ጊዜ ፉት የሚል አልተሰማም። “ያኔ ነው የፈራሁት” አሉኝ፤ “ድምፁ የሱ ነው፤ ግን ትንፋሽ አይወስድም።” በማግስቱ ስሄድ ሁለተኛው ብርጭቆ እንደተሞላ እዚያው ነበር። ሊያነሡት አልደፈሩም።

፬. አቤት ልል ቢሮዎ በመጣሁ ጊዜ በዝንጅብል ብስኩት ስለተቀበሉኝ ውለታዎን አልረሳም። “አይዞሽ ኢጋ፣ ሰው ሲወደድ ነው እንዲህ የሚደረገው፤ የገና ዋዜማውንም ፊልም እሳቸው ናቸው የሚያነቡልን” አሉኝ። አክለውም እሳቸው የሞቱበትን ቀን ከታሪኩ እንዳወጣ አዘዙኝ፤ ተመልካች ግራ እንዳይጋባ። የማያረፍድ፣ ፈቃድ የማይጠይቅ፣ እምቢ የማይል ሠራተኛ ማግኘት ምንኛ መታደል ነው።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ በገና ዋዜማ በየቤታችን ሳይጠራ ለሚመጣ እንግዳ አንድ ትርፍ ሳህን እናስቀምጣለን። ወይዘሮ ዴልፊና በሰባ አራት ዓመታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ “ዘንድሮ ሳህኑን ማስቀመጥ ፈራሁ” ብለውኛል። የምለምንዎ ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የዋዜማውን ፊልም የሚተነፍስ ሰው ያንብበው፤ ካሴቶቹም ወደ ቤታቸው ይመለሱ።

ጣቢያው ገና ብዙ ሕያው ድምፅ ያሰማናል ብላ ተስፋ የማትቆርጠው፣ እስከ ትናንት የታሪክ ጸሐፊዎ የነበረችው፣

ኢጋ ሶባንስካ

ማስታወሻ፦ አቶ ሉድቪክ የሞቱበትን ቀን ከታሪኩ አላወጣሁትም፤ መጽሐፉ ዛሬ ጠዋት ማተሚያ ቤት ገብቷል። በዋዜማው ከወይዘሮ ዴልፊና ጋር ነኝ፤ ቴሌቪዥኑ ይጠፋል፣ ትርፉንም ሳህን እኔ አስቀምጠዋለሁ። ካሴቶቹን ይዘው ቢመጡ ቦታው የእርስዎ ነው፤ በዚያ ምሽት ማንም ከደጅ አይመለስም። በሩን ሲያንኳኩ ግን እባክዎ ትንሽ ይሳሉ፤ ወይዘሮ ዴልፊና የሚተነፍስ ሰው መሆኑን ሳያውቁ አይከፍቱም።