የወንድሜን የእጅ አንጓ ሳይዳብሱ ብሽሽቱን ለመረጡለት ኃላፊ

ለተከበሩ የልብ ሕክምና ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎም እንደ ሕሊናዎ የተረጋጋ እንዲሆን እመኛለሁ። የእኔን የጠየቁ እንደሆነ፣ ከሰኞ ጀምሮ ይህን ደብዳቤ ስጀምርና ስተወው፣ ስቀመጥና ስነሣ፣ ከሳሎን ወጥ ቤት ስመላለስ ሰንብቻለሁ። የወንድሜ የምርመራ ቀን ሐሙስ ነውና ከዚህ በላይ መመላለስ አልችልም።

ወንድሜ የሌላ ሰው ልብ ተተክሎለት ስድስት ዓመት በክፍልዎ የታከመ ሰው ነው። በየዓመቱ ቀጭን ቱቦ በደም ቧንቧው አስገብታችሁ የልቡ ቧንቧዎች መጥበብ አለመጥበባቸውን ታያላችሁ። የተተከለ ልብ ነርቩ የተቆረጠ ስለሆነ ቢታመም እንኳ ላያሳውቅ እንደሚችል፣ ስለዚህም ምርመራው መቅረት እንደሌለበት ያስረዱን እርስዎ ነዎት። ስለ ግልጽነትዎ አመሰግናለሁ፤ ወንድሜ ዘንድሮ አልሄድም ካለኝ ወዲህ በየሌሊቱ አስታውሰዋለሁ። አልሄድም ያለባቸውን ምክንያቶች በትሕትና አቀርባለሁ።

1ኛ/ አምና ቱቦው የገባው በብሽሽቱ በኩል ነበር። ለተተከለው ልብ ሲል የሚውጠው መድኃኒት የጀርባ አጥንቱን ያሳሳበት ሰው እግሩን ሳያጥፍ ስድስት ሰዓት በጀርባው ተንጋሎ ዋለ። ሽንቱን ተኝቶ እንዲሸና ታዘዘ፤ አልሆነለትም። ከዚያም ቱቦው የገባበት ቦታ ደም ቋጥሮ እንደ ሎሚ አበጠ፣ ጭኑም እስከ ጉልበቱ ጠቆረ። ነርሷ «አባባ፣ ትንሽ እኮ ነው፣ ቻል ያድርጉት» ብትለው «ልጄ፣ ትንሹን አንቺ ውሰጂልኝ» ብሏታል።

2ኛ/ በዚያው ቀን አጠገቡ የተኛው ጡረተኛ ሹፌር ቱቦው በእጁ አንጓ በኩል ስለገባለት ወዲያው ተቀምጦ ሻይ ይጠጣ ነበር። ይህም አልበቃው ብሎ ወንድሜን «ምነው ጋሼ፣ ዛሬስ ለሽ ብለዋል» እያለ ቀለደበት። ለወንድሜስ ለምን በአንጓው አልሆነም ብዬ ስጠይቅ፣ ንቅለ ተከላ ላደረጉ ሰዎች ቅጹ ብሽሽት ይላል ተባልሁ።

3ኛ/ ዐይኔን በጨው ታጥቤ ቅጹን አሳዩኝ አልሁ። «ብሽሽት» በሚለው ሳጥን ውስጥ ያለው ምልክት በእስክሪብቶ የተደረገ ሳይሆን ከወረቀቱ ጋር አብሮ የተባዛ ነው። እንደ እሱ ልብ ተተክሎላቸው ተራ ይጠብቁ የነበሩ ሦስት ታካሚዎችን ቅጽ ለምኜ አየሁ፤ ያው ምልክት፣ ጭራው በዚያው ቦታ ከሳጥኑ ወጥቶ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ በቅንነት እንደነገረችኝ ከዓመታት በፊት ንጹሕ ቅጽ ሲያልቅ የአንድ ታካሚ የተሞላ ቅጽ ስሙ ተሸፍኖ ፎቶ ኮፒ ተደረገ፤ ከዚያ ወዲህ የሚባዛው እሱ ነው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል። የወንድሜን የደም ቧንቧ የመረጠውን ማሽን ስለ ትጋቱ አመስግኑልኝ።

4ኛ/ አንጓ ለሁሉም እንደማይሆን አላጣሁትም። ቧንቧው ሊቀጥን ይችላል፤ ኩላሊቱ ለደከመም ሰው ምናልባት አንድ ቀን ለደም እጥበት ያስፈልጋልና ሊቆጠብለት ይገባል። ይህን አይታችሁ አይሆንም ብትሉኝ አፌን እዘጋለሁ። ነገር ግን ኩላሊቱ ደህና ነው ያላችሁን እናንተው ናችሁ፤ አንጓውን ደግሞ በስድስት ዓመት ውስጥ ማንም አልዳበሰውም።

ትናንት ቁጭ ብዬ ለመንሁት። «እታለም፣ ልቡ የሰው አደራ ነው፤ ጀርባው ግን የእኔ ነው» አለኝ። በመጨረሻ በአንድ ነገር ተስማማን። ሐሙስ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እጅጌውን ጠቅልሎ ይመጣል፤ አንድ ሐኪም ሁለት ጣቱን አንጓው ላይ አሳርፎ ይመረምረዋል፤ በብሽሽት መሆን ካለበትም ምክንያቱን ፊት ለፊት ይነግረዋል። ይህ ካልሆነ ተነሥቶ ይሄዳል፤ እኔም አልይዘውም። ያ ዝምተኛ ልብ ምን እያደረገ እንዳለ ከዚያ በኋላ የሚያውቅ አይኖርም።

ውድ ጊዜዎን ስለ ተሻማሁ ይቅርታዎን እየለመንሁ፣ ከፍ ባለ አክብሮትና እጅግ ባነሰ ትዕግሥት፣

የታካሚው ታላቅ እህት

ድኅረ ጽሑፍ፦ አምና የእርስዎም ልብ በዚሁ ክፍል መመርመሩን፣ ነገሩም ቀላል እንደሆነ፣ በመተላለፊያው ቆመው ታካሚዎችን ሲያጽናኑ ሰምቻለሁ። አንጓዎ ላይ ትንሽ ፕላስተር ነበረች። በዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ደረጃውን በእግርዎ ሲወጡ በማየቴ ከልብ ተደስቻለሁ።