የጉልበት ዋጋ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ባለቤትሽስ? ልጆቹስ? ብርዱ ለቀቅ አደረጋችሁ ወይስ አሁንም ደራርባችሁ ነው የምትውሉት? የስፌት መኪናሽስ፣ ያ መንገጫገጩ ተሻለው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እማዬ ምግቧን ትበላለች፣ ትቆጣለች፤ ከተቆጣች ደህና ናት ማለት እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ። እኔም ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰንብቷል። መልሱን ያዘገየሁት ረስቼሽ ሳይሆን የምለው ጠፍቶኝ ነው። ልጅሽ ኮሌጁን ትቼ እንደ አጎቴ ሴራሚክ ማንጠፍ እማራለሁ ብሎ እንዳስጨነቀሽ ጽፈሻል። «አንተን ይሰማሃልና ጉልበትህ ምን እንደሆነ ጻፍለት፤ አንብቦ ይተወው» ብለሽኛል። ወረቀት አውጥቼ ተቀመጥኩ። ስለ ጉልበቴ ልጽፍ ስል ሥራው ይናፍቀኛል፤ ስለ ሥራው ልጽፍ ስል ጉልበቴ ይጠዘጥዘኛል። ተነሳሁ፣ ግቢውን ዞርኩ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ፣ ደግሞ ተነሳሁ። በዚህ መሃል ቤታችን ውስጥ አንድ ነገር ሆነ፤ እሱን ሳልነግርሽ መልስ መስጠት የምችል አልመሰለኝም።

ነገሩ የመታጠቢያ ቤታችን ነው። ሠላሳ ዓመት የሰው ወለል ሳሳምር የራሴ መታጠቢያ ቤት ሲሚንቶ እንደሆነ ቀረ። ባለቤቴ ባነሳችብኝ ቁጥር «ይደርሳል» እላለሁ። በቅርቡ እማዬ የተሰነጠቀው ቦታ ላይ እግሯን አዳለጣትና ግድግዳው ባይደግፋት ኖሮ… አትደንግጪ፣ ምንም አልሆነችም። ባለቤቴ ግን በዚያው ቀን ቆርጣ ተነሳች። አንተ መንበርከክ ተከልክለሃል፣ ሐኪሙ ያለህን እኔም አብሬህ ሰምቻለሁ፣ ስለዚህ ሰው እንቀጥራለን አለችኝ። እኔ፣ ሴራሚክ ሠራተኛው፣ ሴራሚክ ሠራተኛ ልቀጥር!

መፈለግ ጀመርኩ። እትዬ፣ ሰው ጠፍቷል። ከማውቃቸው አንዳንዱ ሥራውን ትቶ ሹፌር ሆኗል፣ አንዳንዱ እንደ እኔ ወገቡን ወይ ጉልበቱን ይዞ ተቀምጧል፣ የቀሩት ደግሞ ለወራት ተይዘዋል። በመጨረሻ ሲሚንቶ የምገዛበት ባለ ሱቅ አንድ ሰው ጠቆመኝ። በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሁሉም «ውሃ ልክ» ነው የሚሉት፣ ወለል መስተካከሉን በምናይበት መሣሪያ ስም። ገና ሠላሳዎቹ ውስጥ ነው፤ ቀጭን፣ ቁጥብ፣ ሰላምታውን እንኳ ቆጥቦ የሚሰጥ። ክፍሉን አየ፣ ለካ፣ ግድግዳውን በጣቱ ቆረቆረ፣ ዋጋውን ነገረኝ።

እኔ ምን ብለው ጥሩ ነው? «ይችን ለምታህል ክፍል?» አልኩት።

የደነገጥኩት ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ይችን ቃል ስንቱ ባለ ቤት ነው ፊቴ ላይ የወረወረብኝ! ስንቴ ነው እሷን ሰምቼ፣ ውስጤ እየተቃጠለ፣ «እሺ፣ እርስዎ እንዳሉት ይሁን» ብዬ ዋጋዬን የሰበርኩት! ባለቤቴ ወጥ ቤት ሆና ስትስቅ ሰማኋት። ውሃ ልክ ግን አልሳቀም፣ አልተቆጣምም። «ጋሼ፣ የእኔ ይኸው ነው፤ ካልተስማማዎት አልቀየምም» ብሎ ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። እያንገራገርኩ ተስማማሁ።

ሥራው ሲጀመር ወንበር አምጥቼ በሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሐሳቤ ዝም ብዬ ለማየት ነበር፤ ግን አፌም እጄም አላርፍ አለኝ። ሙጫው ቀጠነ አልኩ። ወደ ግራ አስጠጋት አልኩ። መቁረጥ ከዚያ በኩል አይጀመርም አልኩ። እሱ «እሺ» ይላል፣ የራሱን ይሠራል። በማግስቱም ወንበሬን ይዤ መጣሁ። ጎንበስ ብዬ ያነጠፋትን አንዷን በጣቴ ገፋ ላደርጋት ስል የሙጫ ማንኪያውን ባልዲው ውስጥ ጣለ። «ጋሼ፣ ቤቱ የእርስዎ ነው፤ ሥራው ግን የእኔ ነው። ከሁለታችን አንዱ ይውጣ» አለ። እኔ ደግሞ ከገዛ ወንበሬ ማን ያስነሳኛል ብዬ ኮራሁ። ዕቃውን ለቃቅሞ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አትጠይቂኝ። ባለቤቴ አኮረፈችኝ። እማዬ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ጎረቤት እየሄደች መታጠብ ጀመረች፤ ስትወጣም ስትገባም በዓይኗ ትወጋኛለች። እልህ ያዘኝ። ባለቤቴ ገበያ እስክትሄድ ጠብቄ፣ የቀረውን እኔው እጨርሰዋለሁ ብዬ ገባሁ። ሙጫውን ስበጠብጥ ሽታው ራሱ ዕድሜ ቀነሰልኝ። ተንበረከክሁ። አንዷን አነጠፍኩ፤ ልክክ አለች። ሌላዋን ላነሳ ዞር ስል ጉልበቴ ውስጥ የሆነ ነገር ተቆለፈ። ግድግዳ ያዝኩ፣ አልሆነም። የበሩን መቃን ያዝኩ፣ አልሆነም። ሰው እንዳልጣራ አፈርኩ። እርጥብ ሙጫ ላይ ቁጭ እንዳልኩ እማዬ መጣች። በላዬ ቆማ አየችኝና «እኔ እንዳልወድቅ ብለህ አንተ ወደቅህ ልጄ?» አለችኝ። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ጎረቤት ጠርታ ለሁለት አነሱኝ። ሱሪዬን ሙጫው እስካሁን አልለቀቀውም።

በነጋታው ውሃ ልክን ፍለጋ ወጣሁ። ገና በመሠራት ላይ ባለ አንድ ክሊኒክ ውስጥ፣ ረጅም ኮሪደር ላይ ተንበርክኮ ሲያነጥፍ አገኘሁት። ጉልበቱ ላይ እንደ ኳስ በረኛ ወፍራም ስፖንጅ አስሯል። እኛ በጊዜያችን እንዲህ ያደረገ ሰው ካየን «ሙሽራው መጣ» እያልን ነበር የምንሳለቅበት። ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ቀና ሳይል «ችግር የለም» አለ። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? «እውነቱን ለመናገር ዋጋህ ነው ያነጫነጨኝ» አልኩት። ያን ጊዜ ሥራውን አቆመ።

«ጋሼ፣ ዋጋዬ ውስጥ ሙጫ የለም፤ ሙጫውን የገዙት እርስዎ ነዎት። ዋጋዬ ውስጥ ያለው ይሄ ነው» ብሎ ጉልበቱን መታ መታ አደረገ። «በየመሃሉ ተነስቼ እዘረጋዋለሁ፣ ሲያመኝም አርፋለሁ። ላረፍኩበት ማንም አይከፍለኝም፤ አስቀድሜ ካላሰብኩት በማን ላይ ይወድቃል? ልጆቼ ሳያድጉ ወንበር ላይ መዋል አልፈልግም።» ንግግሩ ወደ እኔ እንደዞረ ገባው መሰለኝ፣ ወዲያው አንገቱን ደፍቶ ሥራውን ቀጠለ።

እትዬ፣ እያነከስኩ በእግሬ ነው የተመለስኩት፤ ታክሲ ውስጥ አርፎ መቀመጥ አላስቻለኝም። ይህን ሁሉ ዓመት «የጉልበት ዋጋ ይሄን ያህል» እያልኩ ስዋዋል ኖሬ፣ አንድም ቀን ጉልበቴን አስቤው አላውቅም። ቀኑን አስባለሁ፣ የባለ ቤቱን ፊት አስባለሁ፣ ሌላው ሠራተኛ ስንት እንዳለ አስባለሁ። ጉልበቴ ግን ምርቃት ሆኖ ነው የሄደው። ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ ብትጠይቂኝ አላውቅም።

ውሃ ልክ ተመለሰ፤ ግን በአንድ ውል ነው፦ እሱ ሥራ ላይ ሳለ እኔ ቤት ላልገኝ። ምን ላድርግ፣ ስዞር መዋል ጀመርኩ። አንድ ባንክ ገብቼ ወለል ወለሉን ሳይ ጥበቃው «ምን ጠፋብዎት?» አለኝ። አንዷ ሴራሚክ ጠማማ ናት አልኩት። ጎንበስ ብሎ አየና «እውነትም!» አለ፤ ከዚያ ወዲያ ዓይኑን ከእሷ ማንሳት አቃተው። ልቡን አሳርፌ ልወጣ ብዬ ሌላውስ ደህና ነው አልኩት። ከባንኩ ስወጣ እግሬ እየመራ ክሊኒኩ አደረሰኝ። ሥራ ተቋራጩ አገኘኝና ብሶቱን አወረደብኝ። ሕንፃው ቆሟል፣ ከውሃ ልክ በቀር ወለል የሚያነጥፍ ሰው የለም፤ የሚመጣውም ዋጋ እየሰበረ ይገባና መሃል ላይ ጥሎት ይሄዳል አለ። ኮሪደሩን አብረን ዞርን። ሳላስበው ይህ ክፍል ከመስኮቱ ይጀመር፣ ያኛው ከበሩ እያልኩ በጠመኔ ምልክት ሳደርግለት ቆይቻለሁ። ቆመህ ይህንኑ አድርግልኝ፣ ማስመሩንና ዋጋ መተመኑን አንተ ያዘው አለኝ። ቆሜ መሥራት አልለመድኩም። ሰኞ እጀምራለሁ ብዬዋለሁ፤ እስከ ሰኞ በምን ትዕግሥት እንደምቆይ እንጃ።

መታጠቢያ ቤታችን አልቋል። የጠየቀውን ሳላጓድል ከፈልኩት። እሱ ከሄደ በኋላ በሳንቲም እያንኳኳሁ ከሥሩ ባዶ የሆነ ሴራሚክ ፈለግሁ፤ አንድም አጣሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ትንሽ ቅር አለኝ። መጀመሪያ የገባችው እማዬ ናት፤ ገብታ ቀረች። ባለቤቴ ፈርታ በሩን እያንኳኳች «ደህና ነዎት?» ስትላት «ተዉኝ እስቲ!» የሚል መልስ መጣ።

እንግዲህ ወደ ልጅሽ ልመለስ። ተው ልለው አልቻልኩም፤ ግባበት ልለውም አልደፈርኩም። ስለዚህ ትምህርት ሲዘጋ ላኪው። የሚሠራው ከእኔ ጋር ሳይሆን ከውሃ ልክ ጋር ነው፤ ጠይቄው እሺ ብሎኛል። እኔ አጎቱ ነኝ፣ ወይ አስፈራራዋለሁ ወይ አባብለዋለሁ። ያ ሰውዬ ሁለቱንም አያውቅበትም። ወገቡ እስኪንቀጠቀጥ ይየው። ካልወደደው ኮሌጁ የትም አይሄድበትም። ከወደደው ግን ትምህርት ጠልቶ ነው እያልሽ ለሰው አትንገሪ፤ ያ ክሊኒክ ሲከፈት በሽተኛው በክራንች የሚራመደው ልጅሽ ባነጠፈው ወለል ላይ ነው። ዋጋ ሲጠየቅ መሬት መሬት እንዳያይ ማስተማሩን ለእኔ ተዪልኝ፤ እኔም ገና እየተማርኩት ስለሆነ አብረን እንማራለን።

ለባለቤትሽ የወንድምነት ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ልጁን እንዳይቆጣው። ለአማትሽ እጅ ነስቻለሁ። ትንሿን ጉንጯን ሳሚልኝ። ለጎረምሳው ደግሞ ሰላምታዬን ስጪው እንጂ ይህን ደብዳቤ አታስነብቢው፤ ሙጫ ላይ መቀመጤን ከእኔው አፍ ይስማው። ባለቤቴ ናፍቃሻለች። እማዬ፣ መጥታ መታጠቢያ ቤቴን ትይልኝ ብላሻለች።

አንቺስ እትዬ? ለሰው ልብስ ስትሰፊ ስንት እንደምትጠይቂ አላውቅም፤ ጠይቄሽም አላውቅ። ግን ዋጋሽ ውስጥ ዓይንሽ አለበት? ሌላውን ሁሉ ትተሽ እሱን ጻፊልኝ።

ወንድምሽ

ከቤታችን፣ ከደጁ ወንበር ላይ
ቅዳሜ ከሰዓት፣ ጥቅምት ሊያልቅ ሲል