በእግሬ ያዘዝኳቸው ጣቶች

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

ዛሬም አበላሸው። ጓደኛዬ ለምለም ሁለተኛውን ቁጥር ልትጀምር አፏን ስትከፍት ኦርጋኑ ዝቅ ማለት ነበረበት፤ ባሌ ግን ከፍ አደረገው። ድምፅዋ ተዋጠ። መጫወቴን አቆምኩ፣ ካሴቱን አጠነጠነው፣ እንደገና ጀመርን። እንደገና ዘገየ።

«ደረጀ፣ ስትተነፍስ እያት! ትከሻዋ ሲነሳ ዝቅ አድርግ» አልኩት።

«እያየኋት ነው እኮ» አለ። አላያትም። ድምፆቹን የሚያቀላቅለው ሚክሰር ላይ የምትወዛወዘውን መርፌ ነው የሚያየው።

ጥፋቱ የሱ አይደለም። ልጅ ሳለ ኩፍኝ ግራ ጆሮውን ወስዶበታል፤ በቀኙም ቢሆን ዜማ አይገባውም። ሚክሰሩን ራሱ ነው ያመጣው፤ የሰዓት እላፊው ሲጠብቅ አንድ ሆቴል የሙዚቃ ባንዱን በተነና ማቀዝቀዣ ለጠገነላቸው ለደረጀ ሰጡት። ፊቱ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተቱ አምስት ቁልፎች አሉት። እኛ ቤት «ጣቶቹ» ነው የምንላቸው። አንዱ ጣት የኦርጋኑን ድምፅ፣ አንዱ የለምለምን ማይክ ያዛል። ለምለም ቁጥሩን ስትጀምር እንደ ሹክሹክታ ናት፤ አዝማቹ ላይ ስትደርስ ደግሞ ቤቱን ትሞላዋለች። ጣቶቹ ከሷ ጋር ካልወጡና ካልወረዱ ካሴቱ ላይ የሚቀረው ወይ ኦርጋን ብቻ ነው፣ ወይ ጩኸት። ኦርጋኗ የድምፅ መርገጫ የላትም። የኔ ሁለት እጅ ደግሞ ኦርጋኑ ላይ ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ መዘምራኑ ተበታትነዋል። ኦርጋኗ የተረፈችው ለጥገና እኛ ቤት ስለነበረች ነው። ሌላ ሰው እንዳንጠራ ማንን እንደምናምን አናውቅም።

ለምለም ሰኞ አዲስ አበባ ትሄዳለች። ማክሰኞ አንገቷ ላይ ያለው እንቅርት በኦፕራሲዮን ይወጣላታል። ሐኪሙ «ድምፅሽ እንደ ነበረ ላይሆን ይችላል፣ አስቀድሜ ልንገርሽ» ብሏታል። ይህንን ስትነግረኝ በምትሠራበት መድኃኒት ቤት ከባንኮኒው ጀርባ ቆማ ለሰው ክኒን እየቆጠረች ነበር። ቆጠራው አልተሳሳተባትም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

መዝሙሮቹን የደረሰቻቸው ራሷ ናት። የትም አልተቀዱም። እስካሁን አንድም የሚሆን ቅጂ የለንም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ተማሪዎቼን ፈትኜ ደክሞኝ ገባሁ። ደረጀ ከፋብሪካ ሲመለስ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ «አስቴር፣ ኦርጋን ስትጫወቺ እግርሽ ሥራ ፈት ነው አይደል?» አለኝ።

«እና?»

«እና እግርሽ ጆሮ ካለው አካል ጋር ነው የተያያዘው። የኔ እጅ አይደለም።»

የሞቱ ሁለት ቴፖች ከአልጋ ሥር አውጥቶ ሞተራቸውን ነቀለ። ቀጥሎ የእናቴን የድሮ ራዲዮ ከፈተው። ጣቢያ ስንፈልግ መርፌዋን የሚጎትተውን ክር ፈልጎ ነው። «የእናቴን ራዲዮ?» ብዬ ጮህኩ። «ራዲዮው ከሞተ ቆይቷል፤ ክሩ ግን ደህና ነው» አለ።

ያሰበው ይሄ ነው፦ ክሩን የሚክሰሩ ጣት ላይ ማሰር፣ ክሩን በሞተሩ ማስጎተት፣ ሞተሩን ደግሞ እኔ በእግሬ በማዝዘው ማብሪያ ማዞር። አንዱን ስረግጥ ጣቱ ይወጣል፣ ሌላውን ስረግጥ ይወርዳል። ሳነሳ ባለበት ይቆማል። የሚሆን አልመሰለኝም። አልነገርኩትም።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

ሆነ! እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሆነ!

ደረጀ ጣውላ ላይ አራት የበር ደወል መጫኛዎች ቸንክሯል፤ ሁለቱ ለኦርጋኑ ጣት፣ ሁለቱ ለለምለም። ጣውላውን ከኦርጋኑ ሥር አስቀመጠና «እርገጪ» አለኝ። ረገጥኩ። ጣቱ ማንም ሳይነካው ብድግ ብሎ ሄደ። ለምለም ከሥራ መምጣቷ ነበር፤ ነጠላዋን እያወለቀች አይታው «በኢየሱስ ስም!» ብላ ወደ በሩ ሸሸች። ሆዴ እስኪያመኝ ሳቅሁ። እሷም አንገቷን ይዛ ሳቀች።

መጀመሪያ በጣም ፈጣን ነበር። ትንሽ ነካ ሳደርገው ጣቱ እስከ ጫፍ ተወርውሮ ኦርጋኑ ሲያጓራ የጎረቤት ውሻ መለሰልን። ደረጀ ከባትሪ ድንጋዮቹ ግማሹን አወጣ። አሁን ቀስ ይላል፤ እንደ ሰው ይሄዳል።

እግሬ ግን ገና ነው። የግራውን ከቀኙ አምታታለሁ። ለምለምን ዝቅ ላደርጋት ፈልጌ ኦርጋኑን አጠፋሁት። ጫማዬን አውልቄ በባዶ እግር ስሞክር ተሻለኝ። እራት ስሠራም እግሬ መሬቱን ይረግጣል። ደረጀ አየኝ፤ ደስ እንዳለው ከጆሮ ግንዱ አወቅኩት፣ ይቀላል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ከምሳ በኋላ የመጀመሪያውን መዝሙር ቀዳን። ስንሰማው ለምለም ዝቅ ባለች ቁጥር «ዝዝዝዝ» የሚል ነገር ከኋላ አለ። ሞተሩ ነው። ማይኩ ሰምቶታል። በብርድ ልብስ ጠቀለልነው፣ ዝዝታው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

«ከቤት ይውጣ» አለች ለምለም።

ማድ ቤታችን ከግቢው ማዶ ነው። ደረጀ ሚክሰሩንና ሞተሮቹን እዚያ ወሰደ፤ ሽቦውን በልብስ ማስጫው ገመድ ላይ አሳልፎ በመስኮት ወደ ሳሎን አስገባው። እሱ ማድ ቤት ድስቶቹ መሀል ቁጭ ብሎ ክሩ እንዳይወልቅ ይጠብቃል፤ እኔ ሳሎን ሆኜ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ እረግጣለሁ። ጣቶቹን አላያቸውም። እንዲያውም ይሄ ጠቀመኝ። የማየው ለምለምን ብቻ ነው። ትከሻዋ ሲነሳ ኦርጋኑ ከእግሬ ሥር ዝቅ ይላል፤ አዝማቹ ሲመጣ የሷን ማይክ ትንሽ ወደ ታች ሳብ አደርገዋለሁ። አስተማሪ ሆኜ እንዲህ የታዘዘልኝ ነገር የለም።

ሦስተኛው ሙከራ ላይ ንጹሕ ወጣ። ደረጀ ከማድ ቤት እየሮጠ መጥቶ «ሠራ?» አለ። ለምለም ራሷን ስትሰማ አፏን በእጇ ከደነች። «እኔ ነኝ?» አለች።

ደስታዬን ያደፈረሰው አንድ ነገር ነው። ሽቦውን ስናወርድ ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ በአጥሩ በኩል ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ይሄ ሽቦ ምንድን ነው?»

«የሙዚቃ ነው፣ እትዬ።»

«እኔማ አምንሻለሁ። ሰዉ ግን ከውጭ አገር ጋር የሚነጋገሩበት ነው እያለ ነው። ጠንቀቅ በሉ።»

በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ወሬ ሰው ያሳስራል። ለደረጀ ነገርኩት። ምግቡን አልጨረሰም።

እሑድ፣ ኅዳር 8

የፈራነው መጣ።

ለምለም እንደ መጣች የግቢው በር ተንኳኳ። ጋሽ ቱሉ ነበሩ፣ የቀበሌያችን የጥበቃ ኃላፊ። ጠመንጃቸውን አንግተዋል።

«አካም ጅርቱ» ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጡን። ቀጥለው በአማርኛ «መልእክት የሚያስተላልፍ መሣሪያ አለ ተብሏል። ላየው ነው» አሉ።

ደረጀ ማድ ቤት ወሰዳቸው። እኛም ተከተልን። ጋሽ ቱሉ ሚክሰሩን፣ ክሩን፣ ሞተሮቹን አዩ። «ምን ይሠራል?» ደረጀ ከማስረዳት ማሳየት ይሻላል ብሎ «አስቴር፣ ሂጂና እርገጪ» አለኝ። ሳሎን ገብቼ ረገጥኩ። ደረጀ በኋላ እንደ ነገረኝ ጣቱ ብቻውን ሲንቀሳቀስ ጋሽ ቱሉ ወደ ኋላ ብለው ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብለው ሰው ፈልገዋል።

ሳሎን ተመልሰው መጡና «ሙዚቃ ነው ካላችሁ አሰሙኝ» አሉ።

የተለማመድነው መዝሙር ብቻ ነው። ለምለም ግን ማይኩ ፊት ቆማ ለእህቷ ልጅ ያወጣችውን እሹሩሩ ጀመረች። እኔ ከዚህ በፊት አጅቤው አላውቅም፤ እየፈለግሁ ተከተልኳት። እግሬ ኦርጋኑን እስከ ታች አወረደው፣ ድምፅዋ ብቻውን ቤቱ ውስጥ ቀረ። ጋሽ ቱሉ ተቀመጡና ጠመንጃቸውን ከትከሻቸው አውርደው በጉልበታቸው መሀል አቆሙት።

ስትጨርስ ያሉት ስለ ዘፈኑ አልነበረም። «ይቺ ልጅ አንገቷ ምን ሆኖ ነው?»

ነገርናቸው። ሁሉንም፤ ነገ እንደምትሄድ፣ ድምፅዋ ላይመለስ እንደሚችል። መዝሙር ነው አላልንም። እሳቸውም ምን ልትቀዱ ነው ብለው አልጠየቁም። እንደገባቸው ግን ገብቶኛል።

«ነገ ከሰዓት በኋላ ዕቃውን ቢሮ አምጡት» አሉ ደረጀን። «ሁሉንም፤ ሽቦውንም። እኔ ባልወስደው ሌላ ሰው ይመጣል። እስከዚያ ግን…» አልጨረሱትም። ተነስተው በሩ ላይ ለምለምን «እግዜር ይማርሽ» አሏት።

ከሄዱ በኋላ መጀመሪያ የተናገረችው ለምለም ናት፤ «ምን ትጠብቃላችሁ? ደረጀ፣ ወደ ድስቶችህ!»

ፀሐይ እስክትጠልቅ ቀዳን። አንዳንዱ ላይ እግሬ ተሳስቷል፤ አንዱ ላይ አህያ ጮኻለች። አልደገምናቸውም። የመጨረሻው መዝሙር ላይ አዝማቹን ስትደግመው እኔም ሳላስበው አብሬያት ዘመርኩ። ካሴቱ ላይ አለሁ፣ ከሩቅ።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

በሊቶሪናው ባቡር ሸኘናት። ወንድሟ አዲስ አበባ ጣቢያ ይቀበላታል። ካሴቱን ልስጥሽ ስላት «አንቺ ጋ ይቀመጥ፤ አሁን ብሰማው ያስፈራኛል» አለች። ብርቱካን ገዝተንላት ነበር፤ በመስኮት አንዱን መልሳ ወረወረችልኝ። ሊቶሪናው ወደ ሞጆ ሲታጠፍ ደረጀ ገና እጁን ያውለበልብ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ዕቃውን በጋሪ ጭኖ ቀበሌ ወሰደ። እኔ ቤት ሆኜ መሬቱን ስጠርግ ዋልኩ። የጠረግሁትን ደግሜ ጠረግሁ። በደህና ተመለሰ። ዕቃው እዚያው ቀርቷል፤ «እናጣራለን» ብለዋል። ስሙን ጽፈዋል። እኔ ግን ራሱ መመለሱ በቃኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ዛሬ ነው። ክፍል ውስጥ ሰሌዳው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ጻፍኩ፤ ተማሪዎቹ ሳቁ። ስልክ ቤት ሄጄ ነበር፣ ወደ አዲስ አበባ መስመር የለም አሉኝ። ጸለይን። ደረጀ ለወትሮው አጭር ጸሎት ነው የሚወድ፤ ዛሬ አላቋረጠም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

የሚካኤል ዕለት ነውና ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ያቃጥላል፤ ዓይኔ በጭስ ነዷል።

ሁለት ወሬ አለኝ። አንደኛው፣ የለምለም ወንድም በስልክ ተገኘ። ኦፕራሲዮኑ በደህና አልቋል፣ ተኝታለች፣ ገና አልተናገረችም። «ገና» ምን ማለት እንደሆነ ልጠይቀው ፈርቼ ስልኩን ዘጋሁ።

ሁለተኛው፣ ደረጀን ቀበሌ አስጠሩት። የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ጋሽ ቱሉና አንድ ሌላ ሰው ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ጠበቁት። ጣቶቹን ሲያንቀሳቅስላቸው ሊቀመንበሩ አይቶ አይቶ «ይሄ ነገር መጋረጃ መክፈት ይችላል?» አለው። የቀበሌው ኪነት ቡድን አዳራሽ ውስጥ ትርኢት ሲያሳይ መጋረጃው በሰው እየተጎተተ ይጠላለፋል። ደረጀ «ሞተሩ ለመጋረጃ ያንሳል፣ ተለቅ ያለ ይፈልጋል፤ ክሩ የሚዞርበት ፑሊም መቀየር አለበት» ብሎ ማስረዳት ጀመረ፣ ረስቶት፣ እስረኛ ሊሆን እንደሄደ ረስቶት! ሚክሰሩን አስይዘው ሰደዱት። ሞተሮቹ እዚያ ቀሩ። ከነገ ጀምሮ ከሥራ በኋላ አዳራሹ ውስጥ መጋረጃውን ይሠራል። እያፏጨ ነው የገባው፤ ከዜማ ውጪ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ጧት ስልክ ቤት ደረስኩ። ብዙ ተሰለፍኩ። ወንድሟ ሐሙስ ዕለት ስንነጋገር፣ ዛሬ ከአልጋዋ ተነስታ ስልኩ ድረስ እንደምትመጣ ነግሮኝ ነበር። ተራዬ ደርሶ ጆሮዬ ላይ አደረግሁት።

«ሃሎ? ለምለም?»

እንደ ዝናብ ያለ የመስመር ድምፅ ብቻ።

«ለምለም፣ አስቴር ነኝ።»

የስልክ ሠራተኛዋ ገባች፤ «እህቴ፣ በዚያ በኩል ሰው የለም። ልቁረጠው?»

ያን ጊዜ ከዝናቡ ሥር አንድ ትንፋሽ ሰማሁ። ትንፋሿን ሳምንቱን ሙሉ ስጠብቀው ነው የከረምኩት፤ አይጠፋኝም።

«አይቁረጡት!» ብዬ ጮህኩ። ሰልፉ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ። «አይቁረጡት፣ አለች! እየተናገረች ነው!»

«አስቴር» አለችኝ። ድምፅዋ እንደተቀደደ ወረቀት ቀጭን ነበር። «ይሰማሻል?»

«ይሰማኛል። በደንብ ይሰማኛል።»

ብዙ እንዳትናገር ተከልክላለች። ሐኪሙ የንግግር ድምፅዋ ቀስ በቀስ እንደሚመለስ ነግሯታል። ለመዘመር የሚሆነው ግን ይመለስ አይመለስ አዎም አላለም፣ አይደለምም አላለም። ሾርባ ሰልችቷታል። የዝዋይ አሳ ጥብስ አማራት። ሐሙስ ትመጣለች፣ እኛ ጋ ነው የምታርፈው።

ደረጀ አዳራሹ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ፣ እጁ በግራሶ ጠቁሯል። ቀኝ ጆሮውን አዞረልኝ።

«ድምፅዋስ?»

«ትንሽ ነው» አልኩት። «ምን እንደሚሆን አላውቅም። ግን የራሷ ነው።»

አልጋውን ለሐሙስ ወደ ሳሎን እናወጣዋለን፤ ጓዳው በዚህ ወር ይቀዘቅዛል።