ዝም ያለው ዶክተር

ኅዳር 8
ዛሬ ነጭ ጋዋን አለበሱን።
እኔ መረጃ ሰብሳቢ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ሃያ ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። የደም ግፊት ጥናቱ አስተባባሪ ግን «ባለፈው ሳምንት ሰው ንቋችኋል፤ አለባበሳችሁ ነው» አለ። እውነት ነው፤ በሹራብ ስንሄድ የሰቃ ገጠር ሰው ቡናውን እየለቀመ ነበር የሚመልስልን። ግን የግፊት ክኒኑን እንደሚዘል፣ ቅጠል ቀቅሎ እንደሚጠጣ፣ ሁሉንም ይነግረን ነበር።

ኅዳር 9
ሰቃ። ጋዋኑ ብብቴን ይይዘኛል። ሰው ለቀማውን ጥሎ ተነሳ። ወንበር ተወለወለ። «ክኒን በየቀኑ ይውጣሉ?» እላለሁ። «በየቀኑ ዶክተር፣ አልሃምዱሊላህ።» አሥራ አንድ ቤት፣ አሥራ አንድ «በየቀኑ»። ውሸት። አስተባባሪው መጠይቁን እያገላበጠ ፈገግ አለ። ጠላሁት።
አባ ራያ የሚባሉ ሽማግሌ ክኒናቸውን አውጥተው «ልቀጥል?» አሉኝ። ምክር መስጠት ተከልክለናል። ዝም ብዬ ጻፍኩ።

ኅዳር 11
መንገድ መሪያችን ኑረዲን ከሰቃ ደወለ። አባ ራያ ክኒኑን ትተዋል። «ዶክተሩን ጠየቅኩት፣ ዝም አለ። ቢያስፈልገኝ ይናገር ነበር» ይላሉ።
«ይዋጡ በላቸው እንጂ!»
«ነገርኳቸው ወላሂ! ‹አንተ ደግሞ መቼ ዶክተር ሆንክ?› አሉኝ። ጤና ጣቢያም አልሄድም ብለዋል። ራሳቸውን እያዞራቸው ነው።»
አስተባባሪው ጋ ገባሁ። ሄጄ ልንገራቸው አልኩት።
«‹አቋርጠዋል› ብለህ መዝግብ። እሱም መረጃ ነው።»
«ቢሞቱስ?»
«ጥናቱን አታበላሽብኝ። ያንተ ሥራ መጠየቅ ነው።»
በጥፊ ባጮለው ደስ ባለኝ። ወጥቼ ሻይ ጠጣሁ። ፈሪ ነኝ።

ኅዳር 12
ጠዋት አስተባባሪው ስድስት ጋዋን አሸክሞ መንደራ ቆጪ ሰፈር ልብስ ሰፊ ጋ ላከኝ። ደረቱ ላይ የጥናቱ ስም ይጠለፍበት፣ የበለጠ ያስከብራል አለ። ሰፊዋ ገና እየለካች ሳለ ኑረዲን ደወለ።
«ዛሬም አልዋጡም። ‹ያ ዶክተር ራሱ መጥቶ ይንገረኝ› ነው የሚሉት። ፊታቸው አባብጧል።»
በሹራብ ብሄድ አይሰሙኝም። ሐኪም አይደለሁም ብል ደግሞ ጭራሽ። ከክምሩ አንዱን ጋዋን መዝዤ ለበስኩ።
«ኧረ ጋሼ! የክሩን ቀለም ሳይነግሩኝ?» አለች ሰፊዋ።
አምስቱን እዚያው ትቼ ወደ ሰቃ የሚሄድ ሚኒባስ ላይ ወጣሁ።