ስለ አረንጓዴው ክኒንና ስለ ጠባቡ ቀሚስሽ

ውድ አክስቴ፣

«ቅጠል ደሞ ሰውን ምን ያደርገዋል?» ስፌት ቤት ውስጥ፣ ስፒል በከንፈርሽ ነክሰሽ የጠየቅሽኝ ይህንኑ ነበር። እኔም በኬሚስትሪ ከተመረቅሁ ገና መቼ ነውና፣ የሚሰማኝ ሰው አገኘሁ ብዬ ማብራራት ጀመርኩ። አንቺ ግን «ሥራ ስታገኚ ለአለቃሽ ትነግሪዋለሽ» ብለሽ የአረንጓዴ ሻይ ክኒንሽን በባዶ ሆድሽ ዋጥ አደረግሽ። ከዚያ ወዲያ ተኮራረፍን። አንቺም ሌላ ከተማ ላለ ሆቴል መጋረጃ ልትሰፊ፣ ክኒንሽን በሻንጣ ይዘሽ ሄድሽ። ስልኬን ስለማታነሺ ይህችን ደብዳቤ ወደዚያ አውቶቡስ ለሚነዳው እጮኛሽ እሰጠዋለሁ። መቼም እሱን እንደ ስልክ አትዘጊውም።

አክስቴ፣ ክኒኑን ብቻ አልወቅስም። ሌላ ሙሽራ ስትመጣ ሜትርሽን ወገቧ ላይ ጠምጥመሽ «ሆድሽን አትሰብስቢ፣ እኔ ውሸት አልሰፋም» ትያታለሽ። የራስሽን የሙሽራ ቀሚስ ግን ላለሽ ወገብ ሳይሆን ለምትመኚው ወገብ ቆረጥሽው። ከዚያ ሰውነትሽን በልብሱ ልክ ለማጥበብ ተነሳሽ። እርግጥ ነው፣ ጥግ ላይ ለቆመችው የልብስ መለኪያ የእንጨት ሴት ልክክ ብሏል። እሷ ግን ጉበት የላትም።

ጉበት ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። ለእናቴ ደውለሽ «ምግብ ሲሸተኝ ያጥወለውለኛል፣ ጎኔንም ይጫነኛል፤ መድኃኒቱ ሠራልኝ መሰለኝ» ብለሽ መደሰትሽን ሰማሁ። እናቴ እንኳ «ለእኔም ላኪልኝ» አለችሽ። አቁሚ በያት ብላት «ሙሽራ አታሸብሪ» ብላ አፌን አዘጋችኝ። እኔ ግን አላስችል ብሎኝ የጠርሙሱን ፎቶ ይዤ ወደ ፋርማሲ ሮጥኩ።

ፋርማሲስቷ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቅላ አነበበችው።

«ሻዩን ትጠጣ፣ ማን ከለከላት? ይኼ ግን ሻይ አይደለም» አለችኝ። «የስንት ስኒ ጉልበት አንዲት ፍሬ ውስጥ ታጭቆ ነው። ብዙ ሰው ምንም ሳይሆን ይውጠዋል፤ አንዳንዱን ግን ጉበቱን ይጎዳዋል። ማንን እንደሚጎዳ አስቀድሞ አይታወቅም። በባዶ ሆድ ሲሆን ደሞ ይብሳል።»

«ውፍረት ይቀንሳል ግን?»

«ቢቀንስም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ለመሆኑ አክስትሽን ምን ይሰማታል?»

ነገርኳት። ፈገግታዋ ጥፍት አለ።

«ዛሬውኑ ታቁም። ሐኪም ጋ ሄዳ የጉበት የደም ምርመራ ታድርግ። ዓይኗ ቢጫ ካለ ወይም ሽንቷ ከጠቆረ ግን ለነገ ሳትል ሆስፒታል። ጠርሙሱንም ይዛ ትሂድ።»

የደም ግፊት መድኃኒትሽንም አነሳሁላት። እሱን በራስሽ ፈቃድ እንዳታቋርጪ፣ ነገር ግን ከክኒኑ ጋር ስትወስጂው እንደነበር ለሐኪሙ እንድትነግሪ ብላለች።

ሁሉንም ለእጮኛሽ ነገርኩት። ሞተሩን አጥፍቶ ወደ እኔ ዞረ። «እኔ ያጨኋት ሙሉዋን ነው፤ ግማሿን ለማን ልትሰጥብኝ ነው?» አለኝ። እኔ ሳቅሁ፣ እሱ ግን አልሳቀም። ደብዳቤውን እንደሰጠሽ ወደ ክሊኒክ ሊወስድሽ ቃል ገብቶልኛል፤ ተሳፋሪ ቢያጉረመርምም አልመለስም ብሏል።

አክስቴዋ፣ ያን ቀን ያንን ሁሉ ያስለፈለፈኝ ዲግሪው አልነበረም፤ ፈርቼ ነው። እኔ ገና ስንት አስቤያለሁ። ላቦራቶሪ እቀጠራለሁ፣ ነጭ ጋዋኔን አንቺ ትሰፊልኛለሽ፣ ኪሱ ጠበበ ብዬ እጨቀጭቅሻለሁ። ካላመንሽኝ ግድ የለም፤ ምርመራውን እመኚ።

አሁን ደግሞ ቁጭ ብለሽ አንብቢ። ቀሚሱን አውርጄ ጎንና ጎኑን ፈትቼዋለሁ። ውስጥ የተውሽው ትርፍ ጨርቅ ለዛሬዋ አንቺ ይበቃል፣ ሳያጣብቅ። ስለዚህ ከሐኪሙ ያገኘሽውን መልስና እውነተኛውን የወገብሽን ልክ ጽፈሽ በዚያው አውቶቡስ ላኪልኝ። እስከ እሑድ መልስሽ ካልደረሰኝ ቀሚስሽን በገዛ እጄ እሰፋዋለሁ። የሸሚዝ ቁልፍ ልትከል ብዬ የለበስኩትን ጉርድ አብሬ የሰፋሁ ሰው መሆኔን መቼም አትረሺውም።

መርፌዋ ላይ ክር አስገብታ የምትጠብቅሽ፣
የእህትሽ ልጅ