ሦስት በአራት ክፍል ውስጥ ሰበሰብኩት ስለተባለው ሕዝብ

ለተከበሩ የቀበሌያችን የጸጥታ ጉዳይ ኃላፊ
ቃሊቲ

ጉዳዩ፦ ጮኸ ስለተባለው ሕዝብ መልስ ስለመስጠት

ይህ ጽሑፍ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎ፣ ጆሮዎም እንደ ወትሮው ንቁ ሆኖ እንዲሰነብት ከልብ እመኛለሁ። ሰኞ ዕለት በማኅተም አስደግፈው የላኩልኝን ማስጠንቀቂያ በአክብሮት ተቀብያለሁ። «ያለ ፈቃድ ቁጥሩ የበዛ ሕዝብ በመኖሪያ ቤትዎ ሰብስበው በማስጮህዎ» ይላል። መልሱን ለእርስዎ ብቻ መላክ ሲገባኝ በየግቢው በር ላይ የለጠፍኩት፣ ጩኸቱን የሰማ ጎረቤት መልሱም እንዳያመልጠው ብዬ ነውና ይቅር ይበሉኝ።

ቤቴ ሦስት በአራት ነው። አልጋው፣ ቁም ሣጥኑና የጓደኛዬ የመገርሳ ድራም ከገቡበት በኋላ ለእኔ የሚተርፈኝ በሩ ላይ መቆም ነው። እዚያ ውስጥ ሺህ ሰው ማስገባት እችላለሁ ብለው ስላመኑብኝ አመሰግናለሁ፤ ሃያ ስድስት ዓመት ያሠራኝ ፋብሪካ እንኳን ይህን ያህል አልገመተኝም።

የጮኸው ማን እንደሆነ ልንገርዎ። አራት እንግሊዛውያን የሮክ ተጫዋቾች በወጣትነታቸው ተጣልተው ተለያዩ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ ሸምግለው፣ ታረቁና በአገራቸው አዳራሽ ሦስት ምሽት ተጫወቱ። ያ ዝግጅት ከነሕዝቡ ጭብጨባና ጩኸት ተቀርጾ ሁለት ሲዲ ወጣው፤ የከባድ መኪና ሾፌሩ ፈቀደ ከጅቡቲ አመጣልኝ። እኛም የፋብሪካው ኪነት ቡድን በ1983 ሲበተን የተለያየን ነን። መገርሳ ድራም፣ አሰፋች ድምፅ፣ እኔ ጊታር። መገርሳ አሁን ስልሳ አራት ዓመቱ ነው። ዕድሜዬ አልፏል ብሎ ድራም አልነካም ያለ ሰው፣ የእንግሊዙን ሽማግሌ አመታት እስከ መጨረሻው ሰምቶ መምቻውን አምጡልኝ አለ። ከዚያ ወዲህ ከሲዲው ጋር አብሮ እየመታ ይለማመዳል። የፊታችን ቅዳሜ በጡረተኞች እድር አዳራሽ ልንጫወት ቀጠሮ ይዘን ነበር።

ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

1. ዓርብ ከቀትር በኋላ ታጣቂዎ ሲመጣ ቤቱ ውስጥ ሦስታችን ብቻ ነበርን። አልጋው ሥር አየ፣ ቁም ሣጥኑን ከፈተ፣ ከዚያ «ሕዝቡን የት ደበቃችሁት?» አለ። አሰፋች ሲዲ ማጫወቻውን እያሳየችው «እዚህ ውስጥ ናቸው ልጄ፣ ና አስወጣቸው» አለችው። ይህ በማስጠንቀቂያው ላይ «ለሕግ አስከባሪ አለመተባበር» ተብሎ ሰፍሯል። ያሉበትን ቦታ ከማሳየት በላይ ምን ዓይነት ትብብር እንዳለ አላውቅም።

2. ታጣቂዎ የወሰደው ሲዲ፣ የጮኸው ሕዝብ ማንነት እስኪጣራ በኤግዚቢትነት ይቆያል ብለዋል። ሕዝቡ ያለው እንግሊዝ አገር ነው፤ የቀበሌ መታወቂያ የለውም። ማጣራቱ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ቢገልጹልኝ፣ መገርሳ በስንት ዓመቱ እንደሚጫወት እነግረው ነበር።

3. እድሩ አዳራሹን እንዳይሰጠን በስልክ አሳስበዋል። በዚያ አዳራሽ ለቀብር ስንሰበሰብ ፈቃድ ተጠይቀን አናውቅም። ሞተን መሰብሰብ ከተፈቀደልን፣ በሕይወት ሳለን መሰብሰባችን ማንን እንደሚያሰጋ በጽሑፍ ይገለጽልን።

ውለታዎንም አልዘነጋሁም። እኛ ለማስታወቂያ የሚሆን አቅም አልነበረንም። ታጣቂዎ ጠመንጃውን አንግቶ፣ ሲዲውን በሁለት ጣቱ ይዞ ከቤቴ ሲወጣ ከታየ ወዲህ ግን ስለ ቅዳሜ ያልጠየቀን የሰፈር ሰው የለም።

ስለዚህ ሲዲው እስከ ሐሙስ እንዲመለስልን እጠይቃለሁ። ባይመለስም ቅዳሜ ከቀኑ በስምንት ሰዓት አሰፋች ግቢ ውስጥ እንጫወታለን። ይህን የምጽፈው ፈቃድ ለመጠየቅ ሳይሆን ለማሳወቅ ነው። መገርሳ ምቱን በቃሉ ይዞታል፤ ያንን የሚወስድ ታጣቂ ካለዎት ይላኩ። ያው ልጅም ቢመጣ ደስ ይለናል። በዚህ ጊዜ ሕዝቡን ለማግኘት አልጋ ሥር ማጎንበስ አያስፈልገውም።

ለጽሕፈት ቤትዎ ያለኝን የማይነጥፍ አክብሮት ደግሜ እየገለጽኩ፣ በጆሮዎ ጥራት ዘወትር የምደነቅ የቀበሌዎ ነዋሪ፣

የሺዋስ ተሰማ
የቀድሞው የፋብሪካ ኪነት ቡድን ጊታር ተጫዋች
ኅዳር 2000 ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ለጡረተኞች እድር
ጩኸቱን ለሰሙ ጎረቤቶች በሙሉ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ የማጣራት ሥራዎ እንዳይጎድል ያህል፣ ታጣቂዎ የወሰደው አንደኛውን ሲዲ ብቻ ነው። ሁለተኛው እኔ ዘንድ አለ። እዚያኛው ላይ ያለው ሕዝብ ይበልጥ ይጮኻል።