ከስቶቩ በላይ የተሰቀለው መስተዋት

አውሮራ፣ ሐምሌ 1998

ፀዲዬ፣

አክስቴ ዘርፈሽዋል የምትንከባከባቸው ቻይናዊት አሮጊት፣ «ጀርባሽን ለበር ሰጥተሽ ካበሰልሽ ሰላም ከቤትሽ ይርቃል፤ ፌንግ ሹይ ነው፣ የቤት አቀማመጥ ደንባችን» አሏት። የአንቺ እናት ዞር ሳይሉም ማን ድስት እንደከፈተ ያውቃሉ። አክስቴ ግን ባሏ ጋሼ በዛብህ ሥራ ሲወጡ እንኳ አታያቸውም። ስቶቩ ደግሞ የአከራይ ስለሆነ አይነቀልም። ስለዚህ በሩን የሚያሳይ መስተዋት ከላዩ ሰቀለች።

ጋሼ ተቆጡ። «በጌታ ቤት ጥንቆላ? እሁድ ፓስተሩ ሳይመጡ ይውረድ።»

አክስቴም አኮረፈች። ሰላም የራቀው እንግዲህ ያኔ ነው፤ ሦስት ቀን ሙሉ አልተነጋገሩም።

ዛሬ ጠዋት እሷ እንቁላል ስትጠብስ፣ ጋሼ ዳውንታውን ወዳለው ፓርኪንግ ሥራቸው ሊወጡ በሩ ጋ ቆሙ። ረጅም ናቸውና ጎንበስ ብለው የዩኒፎርማቸውን ኮሌታ በመስተዋቱ ማስተካከል ጀመሩ። እዚያው ውስጥ ከአክስቴ ጋር ተያዩ። እኔ ሳቄን በዳቦ አፈንኩት።

«ዘርፌ፣» አሉ ቀስ ብለው፣ «ትንሽ ከፍ አድርጊው። ወገቤን አመመኝ።»

ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ ሮጬ መዶሻ አመጣሁ።

ካርዱ ላይ ቦታ አለቀ። እናትሽን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ጠርዙ ላይ ያጨናነቅኩት ሰላምታ ሁሉ ያንቺ ነው፤ ካርዱን እያዞርሽ አንብቢው።

ሊዑል